ሞተሩ በሦስት ሲሊንደር ሲሠራ ጥፋተኛውን እንዴት እንለየዋለን?

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለረጅም ዘመን ካገለገሉት ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎች አንዷ የትራፊክ መብራት ላይ ቆማ ሳለ ሞተሯን ልብ ብላችሁ አድምጣችሁ ታውቃላችሁን? ጤነኛ ሞተር ድምፁ ወጥ ነው። አንዳንዱ ግን በየመሀሉ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ መኪናዋ እስክስታ እንደሚመታ ሰው ትከሻዋን ትነቀንቃለች፤ የጭስ ማውጫው ድምፅም እየተቆራረጠ ይወጣል። ጥይት ሳይተኩስ ሲቀር «ከሸፈ» እንደምንለው ሁሉ፣ እዚህም ከአራቱ ሲሊንደሮች ቢያንስ አንዱ ተራው ደርሶ ከሽፏል። የሳበውን ቤንዚንና አየር ሳያቃጥል አስወጥቶታል ማለት ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን በከንቱ ከመፍሰሱም በላይ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፤ ካታሊስት ባላቸው መኪናዎች ደግሞ ጭስ ማውጫው ውስጥ ተቃጥሎ ካታሊስቱን ያበላሻል።

በዚህ ጽሑፍ የከሸፈውን ሲሊንደርና የመክሸፉን ምክንያት ለይቶ የማግኘትን ሥርዓት ለመመልከት እንሞክራለን። የምንጠቀምበት ፊዚክስ ከሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍ ብዙም አያልፍም። ሆኖም ይህንኑ ፊዚክስ የምናስተምር ሰዎች በመንገዳችን ላይ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳስተን ነበርና እርሱንም ሳንደብቅ እንጽፋለን።

ለጽሑፉ ምክንያት የሆኑን አንድ አዛውንት ባለታክሲ ናቸው። ላዳቸው መክሸፍ ከጀመረች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። መጀመሪያ አራቱም ካንዴላዎች ተቀየሩ፤ ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ ፑንቲናና ኮንዴንሰር ተገዙ። ከዚያ ኮይሉ «ሲሞቅ ይደክማል» ተባለና እርሱም ተቀየረ። በመጨረሻ ካርቡራተሩ ተፈትቶ ታጠበ። አራት ጊዜ ከፍለው አራት ጊዜ ተስፋ አደረጉ፤ መኪናዋ ግን እንደ ነበረች ናት። «አሁን የቀረው ሞተሩን ማውረድ ነው ተብያለሁ» አሉን። ሞተር ማውረድ ለአንድ ባለታክሲ የእድሳቱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መኪናዋ ቆማ የምታሳልፋቸው ቀናትም ገቢ የሌለባቸው ናቸው።

ከገዟቸው ዕቃዎች መካከል ምክንያት ሊሆን የማይችል አንድም አልነበረም። ስሕተቱ ምርመራ ሳይደረግ መለዋወጫ መገዛቱ ነው። መለዋወጫ መቀየር ራሱ ሙከራ ነው ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን እጅግ ውድ የሆነና ብዙም መልስ የማይሰጥ ሙከራ ነው።

እስቲ ከመሠረቱ እንጀምር። በባለ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር ድብልቁን ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። ይህን ዑደት ለመጨረስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ሞተሩ ሥራ ፈትቶ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር አንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 400 ጊዜ ያቃጥላል፤ አራቱ በድምሩ 1600 ጊዜ። በሁለት ተከታታይ ቃጠሎዎች መካከል ያለው ጊዜ 37.5 ሚሊ ሰከንድ ነው። አንዱ ሲሊንደር ሁልጊዜ ከከሸፈ በሰከንድ ሰባት ጊዜ ያህል የ75 ሚሊ ሰከንድ ክፍተት ይፈጠራል። በመሪው ላይ የሚሰማን ንዝረት ይኸው ነው።

ከዚህ ስሌት የምርመራው የመጀመሪያ ጥያቄ ይወጣል፦ መክሸፉ ሥርዓት ያለው ነው ወይስ የዘፈቀደ? ከጭስ ማውጫው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርገን መዳፋችንን ብንይዝ (ቧንቧውን መንካት ግን ያቃጥላል) የጭሱ ምት ይሰማናል። ጉድለቱ እንደ ከበሮ ምት በእኩል ጊዜ የሚደጋገም ከሆነ አንድ የተወሰነ ሲሊንደር ታሟል፤ ጥፋተኛውም የዚያ ሲሊንደር የግል የሆነ ነገር ነው። ካንዴላው፣ የካንዴላው ሽቦ፣ ቫልቮቹ፣ ፋሻዎቹ፣ ወይም ወደ እርሱ በሚሄደው የአየር መግቢያ በኩል የሚያፈስ ጓርኒሲዮን። ጉድለቱ አንድ ጊዜ ቶሎ፣ አንድ ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አራቱም በጋራ የሚጠቀሙበትን ነገር እንጠረጥራለን፤ እነርሱም ኮይል፣ ፑንቲና፣ ኮንዴንሰር፣ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚዞረው ሮተር፣ ካርቡራተርና የነዳጅ ፓምፕ ናቸው።

የባለታክሲው ላዳ ምት እጅግ ሥርዓት ያለው ነበር። ይህ ብቻ ኮይሉን፣ ኮንዴንሰሩንና የካርቡራተሩን እጥበት ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ግርጌ ያወርዳቸዋል። ለአራቱም በእኩል የሚያገለግል ኮይል አንዱን ሲሊንደር ብቻ እየመረጠ የሚበድልበት ምክንያት የለውም። መዳፍን ጭስ ማውጫ ላይ መያዝ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

ሁለተኛው ነጻ መረጃ የባለቤቱ አንደበት ነው። «በጠዋት ስትነሣ እንደ አዲስ ናት። መገናኛ ስደርስ፣ መብራት ላይ ስቆም ይጀምራታል። ስነዳት ደግሞ ይሻላታል» ብለውናል። ሲሞቅ የሚመጣ ችግር በመሆኑ መካኒኮቹ ኮይሉን መጠርጠራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የኮይል ጥቅል ሲሞቅ ሊደክም ይችላልና። ነገር ግን የንግግራቸው የመጨረሻ ክፍል ሌላ ነገር ይናገራል። ደካማ ብልጭታ በይበልጥ የሚጋለጠው ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት፣ ለምሳሌ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ነው። ምክንያቱም ነዳጅ መስጫው በሰፊው ሲከፈት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ይበዛል፤ አየሩ በታመቀ ቁጥርም ብልጭታው የካንዴላውን ክፍተት ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ያድጋል። በአንጻሩ የእመቃ መፍሰስ በይበልጥ የሚጎዳው ሥራ ፈትቶ በዝግታ የሚዞርን ሞተር ነው፤ ዝግታ ለሚያፈስ ቀዳዳ ጊዜ ይሰጠዋልና።

እዚህ ላይ በየጋራዡ ስለሚደረግ አንድ ፈተና ጥቂት እንበል። ካንዴላውን ፈትቶ፣ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝቶ «ይኸው ያበራል» ማለት የተለመደ ነው። ካንዴላው በውጭ አየር ካላበራ በእርግጥ ችግር አለ፤ ካበራ ግን ደኅና ነው ማለት አይቻልም። በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ብዙ እጥፍ ታምቋል። በውጭ በጥቂት ሺህ ቮልት የሚዘለል ክፍተት እዚያ 10 ሺህ ቮልትና ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ቮልቴጅ የሚፈጥረው ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው የኢንዳክሽን ሕግ ነው። ፑንቲናው ሲከፈት በኮይሉ የመጀመሪያ ጥቅል የሚያልፈው ጅረት በድንገት ይቋረጣል፤ የማግኔቱ መስክ ይወድቃል፤ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ባለው ሁለተኛ ጥቅል ላይም ከፍተኛ ቮልቴጅ ይወለዳል። ወሳኙ ቃል «በድንገት» የሚለው ነው። ኮንዴንሰሩ፣ 0.2 ማይክሮ ፋራድ ያህል ብቻ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ ጅረቱ በፑንቲናው አፍ ላይ በእሳት መልክ እንዳይቀጥል አድርጎ መቋረጡን ያፋጥናል። ኮንዴንሰሩ ሲበላሽ የፑንቲናው አፍ ቶሎ ይበላል፤ ብልጭታውም ይደክማል። ፑንቲና በየጊዜው እየተበላሸባችሁ የምትቀይሩ ከሆነ ኮንዴንሰሩን ተመልከቱ።

ወደ ላዳዋ እንመለስ። ከአራቱ የትኛው ነው የከሸፈው? ሞተሩን አጥፍተን የአንዱን ካንዴላ ሽቦ ነቀልንና ከብረት ጋር በተገናኘ ትርፍ ካንዴላ ላይ ሰካነው፤ ከዚያ አስነሥተን አዳመጥን። የሚሠራ ሲሊንደር ሲቋረጥ ሞተሩ ይበልጥ ይንገዳገዳል። የማይሠራው ሲቋረጥ ግን ምንም አይለወጥም። (ሞተሩ እየሠራ ሽቦውን በባዶ እጅ የሚነቅሉ አሉ። ንዝረቱ ሰውን አስደንግጦ እጁን ወደ ሚዞረው ማራገቢያ ሊወረውረው ስለሚችል ፈጽሞ አንመክርም። ነጠላና ስካርፍም ከሞተር አጠገብ ቦታ የላቸውም። ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ባላቸው መኪናዎች ደግሞ ሽቦውን ክፍት መተው ዕቃውን ራሱን ሊያቃጥለው ይችላል።) አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ሲቋረጡ ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ። ሦስተኛው ሲቋረጥ ግን ለውጥ አልነበረም። በኋላ ዘመን በተሠሩ መኪናዎች ይህን የሲሊንደር ቁጥር ኮምፒዩተሩ ራሱ ይናገራል፤ ምክንያቱን ግን እርሱም አያውቀውም።

ቀጥሎ ያለው ከጠቅላላው ሥርዓት ይበልጥ የምንወደው ክፍል ነው። የሦስተኛውን ካንዴላ ከሁለተኛው ጋር አለዋወጥን። ሌላ ምንም አልነካንም። ችግሩ ከካንዴላው ጋር አብሮ ወደ ሁለተኛው ቢሄድ ኖሮ ጥፋተኛው ካንዴላው በሆነ ነበር። አልሄደም። ካንዴላዎቹን በቦታቸው ትተን የሁለቱን ሽቦዎች አለዋወጥን፤ አሁንም አልሄደም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ብናለዋውጥና ችግሩ ቢዛወር ግን የትኛው እንዳዛወረው ማወቅ ባልተቻለ ነበር። በቤተ ሙከራ «ከአንዱ ተለዋዋጭ በቀር ሌላውን አጽኑ» የምንለው ትእዛዝ በጋራዥም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ጤነኛው ጎረቤት ሲሊንደር ማነጻጸሪያ ሆኖ ያገለግለናል፤ አዲስ ዕቃም መግዛት አያስፈልግም። ሽቦዎቹን ስንለዋውጥ ግን የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ጫፎች እንዳይዛቡ በየሽቦው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር መለጠፍ ይገባል። የላዳ የተኩስ ቅደም ተከተል 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ከጥገና በኋላ ወዲያው የጀመረ መክሸፍ ሲገጥመን በመጀመሪያ የምንመለከተው ይህንን ነው።

ካንዴላዎቹን ከፈታን አይቀር መልካቸውን ማንበብ አይከፋም። ፈዛዛ ቡናማ ከሆኑ ቃጠሎው ደኅና ነው። ደረቅ ጥላሸት የቤንዚን መብዛትን፣ እርጥብ ጥቁር ዘይት የፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ መድከምን ያመለክታሉ። የላዳዋ አራቱም ካንዴላዎች ጥላሸት ነበረባቸው፤ ይህም የራሱ ምክንያት አለው፣ እንመለስበታለን።

ብልጭታው ነጻ ከወጣ በኋላ የቀረው እመቃ ነበር። አራቱንም ካንዴላዎች ፈታን፤ የኮይሉን መስመር አቋረጥን፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጠን በየተራ ለካን። ውጤቱ በኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር 8.2፣ 8.0፣ 5.1 እና 8.3 ሆነ። የጥገና መጽሐፉ ለዚህ ሞተር እመቃ ከ10 በታች መውረድ የለበትም ይላል። ተያየን። አራቱም ከወሰን በታች ናቸው! ከመካከላችን አንዱ «እንግዲህ እውነታቸውን ነው፤ ሞተሩ ይውረድ» አለ። ሌሎቻችንም አልተቃወምንም።

ያዳኑን ባለታክሲው ናቸው። ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ መኪናዬ ወደ አዳማ ስወርድ ጉልበቷ ይጨምራል፤ ስመለስ ይቀንሳል። መጽሐፉ ይህን ያውቃል?» አሉ።

መጽሐፉ አያውቅም። የተጻፈው ለባሕር ወለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል ግን 101 ነው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው የሳበውን አየር ነውና በሦስት አራተኛ ግፊት ከጀመረ የሚጨርሰውም በሦስት አራተኛ ነው። የመጽሐፉ 10 በእኛ ከተማ 7.5 ይሆናል። በዚህ ወሰን አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ጤነኞች ናቸው፤ የታመመው ሦስተኛው ብቻ ነው። የግፊትንና የከፍታን ዝምድና በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፈነዋል! መለኪያውን በእጃችን ይዘን ሳለ ግን ከማንኛችንም አእምሮ አልመጣም። ቁጥሩን ከመጽሐፉ ይልቅ ከጎረቤቶቹ ጋር ብናነጻጽር ኖሮ ስሕተቱ አይፈጠርም ነበር፤ ያው መጽሐፍ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ1 እንዳይበልጥ ይላልና ይህኛው ምክር በየትኛውም ከፍታ ይሠራል።

የጥላሸቱም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ካርቡራተር ነዳጅ የሚመጥነው በጉሮሮው በሚያልፈው አየር ግፊት መቀነስ ነው። የአየሩ እፍጋት ሲቀንስ የሚገባው የአየር ክብደት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የሚሳበው ቤንዚን ግን የሚቀንሰው በእፍጋቱ ስኩዌር ሩት ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ እፍጋቱ ሦስት አራተኛ ሲሆን ድብልቁ 15 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር እንዲሆን የተመጠነ ካርቡራተር እዚህ 12.7 ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። ይህ ለብቻው ሞተር አያከሽፍም፤ የደከመ ካንዴላ ላይ ሲደመር ግን ያከሽፋል። ተማሪዎቻችን ስሌቱን ራሳቸው ቢሞክሩት ደስ ይለናል።

አሁን ጥያቄው የሦስተኛው ሲሊንደር እመቃ በየት በኩል ያፈሳል የሚለው ሆነ። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ጨመርንና ደግመን ለካን። ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ስለሚደፍን ፋሻው ያፈስስ ከነበረ ቁጥሩ በጉልህ ይጨምራል። ከ5.1 ወደ 5.4 ብቻ ሆነ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ቢቀደድ ደግሞ ጎረቤቱም አብሮ በወረደ ነበር። የቀሩት ቫልቮች ናቸው።

በላዳ ሞተር በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት፤ የሚለካውም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ክፍተቱ ለምን አስፈለገ? አሥር ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የብረት ዘንግ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 0.12 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ቴስታታው ራሱም ሲሞቅ ስለሚያድግ የክፍተቱ ስሌት እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ጭስ የሚያስወጣው ቫልቭ ከሁሉ ይበልጥ ይሞቃል። ክፍተት ከሌለው ሲረዝም መቀመጫው ላይ መክደን ያቅተዋል፤ ትኩስ ጭስም በጠባቡ ስንጥቅ እያፏጨ ጠርዙን ይበላዋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ግን ቫልቩ አጭር ነውና ይከድናል። «በጠዋት እንደ አዲስ ናት» ማለት ይህ ነበር።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ እስከ ከሰዓት በኋላ ጠበቅን። የላይኛውን ክዳን ከፍተን 0.15 ውፍረት ያለውን የብረት ቅጠል በየቫልቩ ሥር ስናስገባ በሰባቱ ቫልቮች ትንሽ እየተጎተተ ገባ። በሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ግን 0.05ቱ እንኳ አልገባም። ብዙ ሰው ያረጀ ነገር ይላላል ብሎ ያስባል፤ ቫልቭ ግን መቀመጫውን እየበላ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ጫፉ ወደ ላይ ይወጣና ክፍተቱን ያጠብበዋል። ማጥበቂያውን ፈትተን ወደ 0.15 መለስነው። ሞተሩን አሙቀን ስንለካ ሦስተኛው 7.6 ሰጠ፤ ከወሰኑ በላይ፣ ግን ከጎረቤቶቹ በታች። ምቱ ወጥ ሆነ። ለመለዋወጫ አንድ ሳንቲም አልወጣም።

ለባለታክሲው መኪናዋ ፈጽማ ድናለች አላልናቸውም። 7.6 የሚለው ቁጥር የቫልቩ ጠርዝ በከፊል መበላቱን ያሳያልና ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው እንዲመጡ ነገርናቸው። በቀጠሯቸው መጡ። ክፍተቱ ወደ 0.10 ጠብቦ አገኘነው፤ መቀመጫው አሁንም እየሰመጠ ነው ማለት ነው። መልሰን አስተካከልነው። ቴስታታው ወርዶ ያ አንድ ቫልቭና መቀመጫው መታደስ አለባቸው፤ የሞተሩ የታችኛው ክፍል ግን የሚነካበት ምክንያት የለም። እርሳቸውም ሥራ በሚቀዘቅዝበት በክረምት ሊያሠሩት ወሰኑ። ያለ ጥፋቱ የተቀየረው አሮጌ ኮይል እስከ ዛሬ በኮፈናቸው ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ለክተነዋል፣ ደኅና ነው።